የውሻ ሣጥንና በሩ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ለአባሎች የተሰጠ ንግግር)



የዝግጅት ኮሚቴው ከድልድይና ከግድብ፣ ከአስፋልትና ከሲሚንቶ ወጣ ያለ፣ ነገር ግን መሐንዲስ ሊያስብበት የሚገባ አንድ ጉዳይ መርጬ እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ፣ የመረጥሁት ርእስ የውሻ ሣጥን መሆኑን ስገልጽ ከኮሚቴው አባሎች አንዳንዶቹ ፈገግ ማለታቸው አልቀረም። ፈገግታው የሚያስከፋ አይደለም። በአገራችን ውሻ በግቢ የሚውልና የሚያድር፣ የቤቱን ትራፊ የሚበላ፣ ሌባ ሲመጣ የሚጮኽ ፍጡር ተደርጎ ስለሚታሰብ፣ ስለ መኝታው ልክና ስለ በሩ አከፋፈት በጉባኤ ፊት ቆሞ መናገር ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ነገሩ ቅንጦት አለመሆኑን፣ እንዲያውም ከልጆቻችን ጤንነት ጋር በቀጥታ የተያያዘ መሆኑን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በቅድሚያ የምናገርበትን ዕቃ ላስተዋውቅ። የውሻ ሣጥን የምለው በግቢ ጥግ የሚሠራውን፣ ጣራና ግድግዳ ኖሮት በር የሌለውን የተለመደውን የውሻ ቤት አይደለም። ውሻው ገብቶ ሊቆም፣ ሊዞርና ተጋድሞ ሊተኛ የሚችልበት፣ ከሽቦ፣ ከፕላስቲክ ወይም ከእንጨት የተሠራ፣ የሚዘጋና የሚከፈት በር ያለው፣ ከስፍራ ወደ ስፍራ ሊወሰድ የሚችል ሣጥን ነው። አንዳንዶች ኬጅ ይሉታል። በአሜሪካ አገር ቡችላን ገና ከጠዋቱ በዚህ ሣጥን ማለማመድ በብዙ ቤተ ሰብ ዘንድ የተለመደ ነው። በስዊድን ግን በተቃራኒው፣ ለመጓጓዣ፣ ለውድድርና ለመሳሰለው ጊዜያዊ ጉዳይ ካልሆነ በቀር፣ ውሻን በቤት ውስጥ በሣጥን ዘግቶ ማኖር በእንስሳት ጥበቃ ደንብ የተከለከለ ነው። ሁለት አገሮች በአንድ ዕቃ ላይ እንዲህ የተራራቀ አቋም የያዙት ያለ ምክንያት ስላልሆነ፣ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

በእኛ ከተሞች ውሻ የሚያዝበት ልማድ ለሁላችንም የታወቀ ነው። ቀን በሰንሰለት ይታሰራል፤ ማታ ይለቀቃል። ቀን የሚታሰረው እንግዳ እንዳይነክስ፣ ማታ የሚለቀቀው ሌባ እንዲነክስ ነው። ሰንሰለት ውሻን ኃይለኛ ያደርገዋል ተብሎም ይታመናል፤ እምነቱም ከእውነት የራቀ አይደለም። ሁለት ሜትር ርዝመት ባለው ሰንሰለት የታሰረ ውሻ 12.5 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክብ ይዞታ አለው። በስፋት ብቻ ከታየ፣ አሁን ከምናገርለት ሣጥን ከሃያ እጥፍ በላይ ይበልጣል። ነገር ግን በዚያ ክብ ውስጥ ሆኖ በግቢው የሚያልፈውን ሁሉ ያያል፤ ሊደርስበት ግን አይችልም። የሚያስፈራው ነገር ሲመጣም ሊሸሽ አይችልም። መድረስም መሸሽም የተከለከለ ፍጡር የሚቀረው መንገድ መናከስ ብቻ ነው። የክቡን ጠርዝ የማያውቅ ሕፃን ኳሱን ተከትሎ ሲገባ የሚደርሰውን ብዙዎቻችን አይተናል፤ ወይም ሰምተናል።

ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ቤቶች በመስፋፋታቸው፣ ግቢ የነበረው ሰው ግቢውን ትቶ ፎቅ ሲወጣ ውሻውንም አብሮ ይዞ መውጣት ጀምሯል። ሰንሰለቱም አብሮ ወጥቷል። በበረንዳ ላይ የታሰረ ውሻ ከታች የሚያልፈውን ሁሉ ሲጮኽበት ይውላል፤ ጎረቤት ይማረራል፤ በመጨረሻም ውሻው ለዘበኛ ይሰጣል፤ ወይም ራቅ ወዳለ ሰፈር ተወስዶ ይጣላል። በመንገድ ሥራ ካምፖች የኖራችሁ ባልደረቦቼም፣ ሥራው አልቆ ካምፑ ሲነሣ ውሾቹ ምን እንደሚሆኑ ታውቃላችሁ። ማጓጓዝ የማይቻል ውሻ እዚያው ይቀራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው፣ በሰው ላይ ከሚታየው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው የሚተላለፈው በውሻ ነው። የበሽታው ምልክት በሰው ላይ አንዴ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ውሻ ሰውን ሲነክስ መጀመሪያ የሚደረገው ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፣ ወዲያውኑም ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ክትባት መጀመር ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ግን «ውሻው የት አለ?» የሚል ነው።

ጥያቄው የሚጠየቀው በቂ ምክንያት ስላለው ነው። ቫይረሱ በውሻው ምራቅ ውስጥ መገኘት የሚጀምረው የሕመሙ ምልክት ከመታየቱ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ነው፤ ምልክቱ ከታየ በኋላም ውሻው ብዙ ሳይቆይ ይሞታል። በመሆኑም ጤነኛ የሚመስል ውሻ ከነከሰበት ዕለት አንሥቶ እስከ 10 ቀን ድረስ ካልታመመና ካልሞተ፣ በነከሰበት ሰዓት ምራቁ ንጹሕ ነበር ማለት ነው፤ ሐኪሙም የተጀመረውን ክትባት ሊያቋርጠው ይችላል። ይህ የ10 ቀን ክትትል ቤተ ሙከራ የማይጠይቅ፣ ማንኛውም ቤተ ሰብ ሊያካሂደው የሚችል ምርመራ ነው። የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ውሻው ለ10 ቀን ከዓይን ሳይጠፋና ሌላ ሰው ሳይነካ ተጠብቆ እንዲቆይ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምኖርበት ሰፈር አንድ የስድስት ዓመት ሕፃን በጎረቤት ውሻ እጁን ተነከሰ። ሕፃኑ በዚያው ዕለት ተወስዶ ክትባት ጀመረ። የውሻው ባለቤት ደግሞ ውሻውን እንዲጠብቅ ተነግሮት፣ ጨዋ ሰው በመሆኑ ቃሉን ሰጠ። ዳሩ ግን ያ ውሻ ከተወለደ ጀምሮ ታስሮም ተዘግቶበትም የማያውቅ፣ በግቢው እንደ ልቡ የሚንጎራደድ ነበር። ባለቤቱ ሌላ ዘዴ ስላልነበረው በገመድ ከብረት በሩ ጋር አሰረው። ውሻው ሁለት ሌሊት ሲያለቅስና ሲታገል አድሮ በሦስተኛው ቀን ገመዱን በጥሶ ጠፋ። ተፈልጎ አልተገኘም። ከዚያ በኋላ ታሞ ይሙት፣ ወይም በሌላ ሰፈር በደኅና ይኑር የሚያውቅ ሰው የለም። ሕፃኑ ክትባቱን እስከ መጨረሻው ወሰደ፤ ምንም አልሆነም። ነገር ግን በሽታው ከብዙ ወራት በኋላም ሊነሣ እንደሚችል የተነገራቸው እናቱ፣ ልጁን ራሱን ባመመው ቁጥር ውኃ በብርጭቆ አቅርበው መጠጣቱን ቆመው ያዩ ነበር። የእብድ ውሻ በሽታ የያዘው ሰው ውኃ እንደሚፈራ ሰምተዋልና። ያቺን ብርጭቆ ካየሁ ወዲህ ነው ስለዚህ ጉዳይ ማንበብና መለካት የጀመርሁት።

ሌላው የተለመደ መጨረሻ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። የነከሰው ውሻ በዚያው ሰዓት በንዴት ተቀጥቅጦ ይገደላል። ሲሞት የ10 ቀኑ ክትትል አብሮ ይሞታል፤ ጭንቅላቱ ከተፈረከሰም በላቦራቶሪ አንጎሉን መርምሮ እውነቱን ማወቅ ሳይቻል ይቀራል። ከእኛ በዕድሜ የገፉት አባሎች፣ በቀድሞው ጊዜ ለዚህ በሽታ በየቀኑ ሆድ ላይ ይወጋ የነበረውን መርፌ ስለሚያስታውሱ የነገሩን ክብደት እኔ ልነግራቸው አያስፈልግም።

ሣጥን የለመደ ውሻ በእንዲህ ያለው ጊዜ የሚገባበት አለው። በውስጡ መተኛትን ስለሚያውቅ አይታገልም፤ ምግቡንና ውኃውን ይወስዳል፤ መብላት መተዉም ሆነ ጠባዩ መለወጡ ወዲያው ይታያል። በእርግጥ 10 ቀን ሙሉ ሳይወጣ ይቀመጥ ማለቴ አይደለም፤ በተዘጋ ግቢ ውስጥ፣ አንድ ዐዋቂ ሰው በገመድ ይዞት በየጊዜው መውጣት አለበት። ሌሎቹም ጥቅሞች ከዚሁ የሚመነጩ ናቸው። የቀዶ ሕክምና የተደረገለት ውሻ ስፌቱ እስኪጠግግ ሳይዘል መቆየት ያስፈልገዋል። ወደ እንስሳት ሐኪም የሚሄድ ውሻ በመኪናው ውስጥ ሾፌሩ ጭን ላይ ከሚወጣ በሣጥኑ ቢሄድ ለሁሉም ይበጃል። በቡሔ ሰሞን ጅራፍ ሲጮኽ፣ በበዓላት ምሽት ርችት ሲተኮስ፣ ውሾች አልጋ ሥር እንደሚገቡ ታውቃላችሁ፤ ጨርቅ የተጣለበት ሣጥን ለእንዲህ ያለው ሌሊት ከአልጋ ሥር የተሻለ መጠጊያ ነው።

ስለ አሠራሩ ልናገር። ይህ እንኳ የእኛው ነገር ስለ ሆነ ትንሽ ዘርዘር ባደርገው አትቀየሙኝም። አያታ በሚል ምኅጻር የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር በአውሮፕላን ለሚጓዙ ውሾች ያወጣው የልክ ደንብ ለቤት ሣጥንም ጥሩ መነሻ ነው። ከውሻው አራት ልኮች ይወሰዳሉ፤ እነርሱም ከአፍንጫ እስከ ጅራት ሥር ያለው ርዝመት፣ ከመሬት እስከ ፊት እግሩ ክርን ያለው ከፍታ፣ የትከሻው ስፋት፣ ቆሞ ሳለ እስከ ራሱ ወይም እስከ ጆሮው ጫፍ ያለው ቁመት ናቸው። የሣጥኑ ርዝመት የመጀመሪያው ልክ ሲደመር የሁለተኛው ግማሽ ነው። ስፋቱ የትከሻው እጥፍ ነው። ከፍታው የቁመቱ ልክ ሲደመር የምንጣፉ ውፍረት ነው። ለምሳሌ 20 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን የአገራችን ውሻ ርዝመቱ 70፣ ክርኑ 32፣ ትከሻው 24፣ ቁመቱ 62 ሳንቲ ሜትር ቢሆንና ምንጣፉን 5 ሳንቲ ሜትር ብናደርገው፣ ሣጥኑ 86 በ48 በ67 ይሆናል። ለቤት ሲሆን እኔ ወደ 90 በ60 በ70 ከፍ አደርገዋለሁ። አፍንጫቸው የተደፈጠጠ ውሾች ለመተንፈስ ስለሚቸገሩ ደንቡ ለእነርሱ ከልኩ 10 በመቶ እንዲጨመር ያዝዛል።

የአየር መግቢያው ከአራቱ ጎኖች ጠቅላላ ስፋት ከ16 በመቶ ማነስ የለበትም። ከላይ በተሰጠው ምሳሌ የአራቱ ጎኖች ስፋት 1.8 ካሬ ሜትር ስለሚሆን፣ ክፍት ቦታው ወደ 0.29 ካሬ ሜትር ይደርሳል ማለት ነው። ይህን ያህል ክፍተት ለምን እንደሚያስፈልግ ሂሳቡ ያስረዳል። 20 ኪሎ ግራም የሚመዝን ውሻ ያለ እንቅስቃሴ ተኝቶ ሳለ በቀን 660 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ያመነጫል፤ ይህም 32 ዋት ነው። በመኝታ ቤታችን የምናበራትን የድሮ ትንሽ አምፖል ያህል መሆኑ ነው። ውሻ እንደ እኛ በመላ ሰውነቱ ስለማያልብ፣ ሙቀቱን በዋናነት የሚያስወጣው ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ፣ ማለትም ውኃን ወደ እንፋሎት በመለወጥ ነው። አየር በማይንቀሳቀስበት ሣጥን እንፋሎቱ ስለሚከማች ማለክለኩ ከንቱ ይሆናል፤ የሰውነት ሙቀቱ በጤናው ጊዜ 38 ወይም 39 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ ከዚያ ወደ አደጋው ክልል ለመድረስ የቀረው ጥቂት ነው። በተለይ በግቢ የሚቀመጥ ሣጥን በቆርቆሮ እንዳይሸፈን አደራ እላለሁ። በጠራ ቀን እኩለ ቀን ላይ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚወርደው የፀሐይ ኃይል ወደ 1000 ዋት ይጠጋል። የሣጥናችን ጣራ ግማሽ ካሬ ሜትር ከመሆኑ አንጻር፣ ውሻው ራሱ ከሚያመነጨው ሙቀት አሥራ አምስት እጥፍ የሚያህል ከላይ ይወርድበታል ማለት ነው።

ለመሥራት የሚያስቸግር ነገር የለውም። ማንኛውም በያጅ ከቀጭን ቱቦላሬና ከተበየደ የሽቦ መረብ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። ለመረቡ ዓይን ጥንቃቄ ይደረግ፤ የውሻው መንጋጋና እግር ገብቶ የማይቀረቀርበት ይሁን። የብየዳው ጫፍ ሁሉ በሞረድ ይለስልስ። መቀርቀሪያው ከውጭ ሆኖ በአንድ እጅ የሚከፈት ይሁን፤ እሳት ቢነሣ ቁልፍ የሚፈለግበት ሣጥን ከወጥመድ አይለይም። ወለሉ ሽቦ ሳይሆን ኮምፔንሳቶ ወይም ሌላ ድፍን ነገር ይሁን። ቀለም የግድ ከተፈለገ እርሳስ የሌለበትን መምረጥ ነው፤ ቡችላ ሁሉን ያኝካልና።

ስለ ሙቀት ይህን ያህል ያስረዘምሁት፣ የምናውቀው በጣም አሳዛኝ የሣጥን ታሪክ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ ነው። ላይካ ከሞስኮ ጎዳና የተወሰደች ባለቤት የሌላት ውሻ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1957 ስፑትኒክ 2 በተባለችው መንኰራኵር ወደ ጠፈር ከመላኳ በፊት፣ እርሷና ሁለት ባልንጀሮቿ እየጠበቡ በሚሄዱ ሣጥኖች ውስጥ እስከ 20 ቀን ድረስ እየቈዩ ተለማመዱ። ውሾቹ በመጀመሪያ መጸዳዳት እስከ ማቆም ደርሰው፣ ዕረፍት አጥተው፣ ጤንነታቸው ታውኮ ነበር፤ ያዋጣውም መድኃኒት ሳይሆን ረዥም ልምምድ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ላይካ ጠባብዋን ሣጥን ለመደች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ዓለም በትክክል የሰማው ከ45 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። የመንኰራኵሯ የሙቀት መቈጣጠሪያ ሥራውን ባለመወጣቱ የውስጡ ሙቀት ከልክ በላይ ወጥቶ ላይካ በተተኰሰች በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሞተች። ቀድሞውንም ቢሆን ወደ ምድር የምትመለስበት ዕቅድ አልነበረም። በልምምዱ ከተሳተፉት ሳይንቲስቶች አንዱ የነበሩት ኦሌግ ጋዜንኮ በእርጅናቸው ዘመን ስለዚህ ሥራ መጸጸታቸውን በይፋ ተናግረዋል። ለእኛ ለመሐንዲሶች ልብ የሚባለው ነገር ውሻዋ የሚጠበቅባትን አሟልታ መገኘቷ ነው። ልምምዱ አልወደቀም፤ የወደቀው ሣጥኑ ነው።

እንግዲህ ልምምዱ እንዴት ይካሄዳል? ውሻ በተፈጥሮው የዋሻ እንስሳ ስለ ሆነ ሣጥኑን ወዲያው ይወድደዋል የሚል ክርክር በብዙ መጻሕፍት ይነበባል። እኔ ይህን ክርክር አልቀበለውም። ተኩላ እንኳ ዋሻ የሚይዘው ግልገሎቹ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሳምንታት እስኪያልፏቸው ነው፤ ከዚያ በኋላ በሜዳ ይተኛል። ደግሞም ዋሻ በር የለውም። እውነተኛው የተፈጥሮ ድጋፍ ሌላ ነው፤ ቡችላ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሆነው፣ እግሩ መራመድ እንደ ቻለ፣ ከተኛበት ወጣ ብሎ መጸዳዳት ይጀምራል። የመኝታውን ንጽሕና መጠበቅ ስለሚወድድ፣ ልኩን በጠበቀ ሣጥን ውስጥ ያደረ ቡችላ ሽንቱን ይይዛል፤ ሲለቀቅም በቀጥታ ወደ ውጭ ከተወሰደ ቦታውን ይማራል። ሣጥኑ ከልክ በላይ ሰፊ ከሆነ በአንዱ ጥግ ተኝቶ በሌላው ይጸዳዳልና፣ ለሚያድግ ቡችላ በመካከሉ ተነቃይ ግድግዳ ማድረግ ይገባል። የመያዝ አቅሙም ወሰን አለው። በግምት የዕድሜው ወራት ላይ አንድ ሲደመር የሚገኘው ቁጥር የሰዓቱ ጣሪያ ነው፤ የሁለት ወር ቡችላ ከሦስት ሰዓት በላይ አይችልም። በቆሻሻ ላይ ተዘግቶበት ያደገ ቡችላ ይህን ጠባይ ስለሚያጣው ከእርሱ ብዙ ትዕግሥት ይፈለጋል።

በሦስተኛ ፎቅ የማሳድገው ውሻ መቻል ይባላል፤ ስሙን ያወጡለት እናቴ ናቸው። የሣጥኑን በር ለመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት በሽቦ ከፍቼ አስሬ፣ እንዳይንቀሳቀስና እንዳያስደነግጠው አደረግሁ። ምግቡ በመጀመሪያ ከበሩ ደጃፍ፣ ቀጥሎ ከበሩ ውስጥ፣ በመጨረሻ ከጥጉ ተቀመጠለት። ማንም አልገፋውም፤ ማንም አልጎተተውም። በስድስተኛው ቀን እየበላ ሳለ በሩ ገጠም ተደርጎ፣ በልቶ ከመጨረሱ በፊት ተከፈተ። ከዚያ አንድ ደቂቃ፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ እኔ ከክፍሉ ወጥቼ ስመለስ። ለሽልማት የምንሰጠው ቁራጭ ሥጋ ነበር። በጾሙ ወራት ሥጋ ከቤታችን ሲጠፋ ደረቅ ዳቦና ቅቅል ድንች ተካው፤ መቻል ለጾሙ የተለየ አስተያየት አላሳየም። የተቀቀለ አጥንት ግን ተሰንጥሮ አንጀት ስለሚወጋ በሣጥን ለተዘጋ ውሻ ፈጽሞ አይሰጥ። በአራተኛው ሳምንት አንድ ምሽት እንግዶች መጥተው ቤቱ በጫጫታ ሲሞላ፣ ማንም ሳያዝዘው ተነሥቶ ገብቶ ተኛ። በሩ ክፍት ነበር።

የዚህ ንግግር ፍሬ ነገር በዚህ በር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ማርቲን ሴሊግማንና ስቲቨን ማየር የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች በውሾች ላይ ያደረጉት ሙከራ በሙያው የታወቀ ነው። ምንም ቢያደርጉ ሊያስቆሙት በማይችሉት የኤሌክትሪክ ንዝረት የተሠቃዩ ውሾች፣ በኋላ ዝቅተኛ አጥር ብቻ ዘልለው ሊያመልጡ በሚችሉበት ሣጥን ውስጥ ሲገቡ፣ ብዙዎቹ ሳይሞክሩት ተኝተው ሥቃዩን ተቀበሉ። የማይለወጥ ነገር እንዳለ ተምረዋልና። ከዚህ የምንረዳው የውሻ ዝምታ ሁለት ዓይነት መሆኑን ነው። ተገፍቶ የተዘጋበት ውሻ ሁለት ሌሊት አልቅሶ በሦስተኛው ዝም ሲል፣ ባለቤቱ «ለመደ» ይላል። ሊለምድም፣ ተስፋ ሊቆርጥም ይችላል፤ ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። መለየት የሚቻለው በሩን ከፍቶ በማየት ብቻ ነው። በሩ ተከፍቶ ሳለ በራሱ ፈቃድ የሚገባ ውሻ ለምዷል፤ በተከፈተ ቁጥር ወጥቶ የማይመለሰው ግን አለመደም። ስለዚህ በሣጥን መቅጣት፣ «አጠፋህ፤ ግባ» እያሉ መዝጋት፣ የወራት ሥራን በአንድ ቀን ማፍረስ ነው።

አሁን ወደ ስዊድን ልመለስ። የዚያ አገር ሕግ የሚጠላው የሣጥኑን መኖር ሳይሆን፣ ሰው ሥራ ውሎ እስኪመለስ ድረስ ውሻን ቀኑን ሙሉ፣ ከዚያም ሌሊቱን ሙሉ ዘግቶ የመተውን ልማድ ነው፤ በዚህም ከስዊድኖች ጋር እስማማለሁ። የአሜሪካውያን ሣጥን በትክክል ሲሠራበት ይጠቅማል፤ የባለቤቱን ድካም ለመቀነስ ብቻ ሲያገለግል ግን በሰንሰለት ፋንታ የመጣ ሌላ ሰንሰለት ይሆናል። እንዲያውም ለረዥም ሰዓት ከሆነ ግማሽ ካሬ ሜትር ሣጥን ከሰንሰለት ይከፋል። ለረዥም ሰዓት የሚያስፈልገው የታጠረ ሜዳ ነው፤ በግቢው አንድ ጎን በሽቦ አጥር የተከለለ፣ ጥላና ውኃ ያለው ስፍራ። ሣጥኑ የሚሆነው ለመኝታ፣ ለጥቂት የቀን ሰዓታት፣ ለጉዞ፣ ለሕመምና ለዚያ የ10 ቀን ጥበቃ ነው። በሰው ተዘግቶ የሚውል ውሻ የሚሮጥበት ጊዜ ካላገኘ፣ የሣጥኑ ጥራት ምንም አያደርግለትም።

አንድ ጥያቄ እንደሚነሣ ስለማውቅ አስቀድሜ ልመልስ። ሣጥን የለመደ ውሻ ሌባ አይጠብቅም ይባላል። ውሻ ባዕድ ሲመጣ የሚጮኸው ስለ ታሰረ አይደለም። የሚያስፈልገን መጮኹ ከሆነ፣ በሣጥኑ ተኝቶም ይጮኻል፤ በግቢ ተለቅቆም ይጮኻል። የሚያስፈልገን መናከሱ ከሆነ ግን፣ ሌባውን ከጎረቤት ልጅ ለይቶ የሚነክስ ውሻ እስካሁን አላየሁም።

በግቢያችሁ ዓመታት የቈየ ውሻ ላላችሁም የዕድሜ ነገር አያስጨንቃችሁ። ትልቅ ውሻም ይለምዳል፤ የሚለየው ጊዜው ነው። ለቡችላ አንድ ሳምንት የፈጀው የክፍት በር ጊዜ ለእርሱ አንድ ወር ወይም ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። ቀድሞ ታስሮ የኖረ ከሆነ ሣጥኑን ሰንሰለቱ ከነበረበት ስፍራ አርቆ፣ ሰው በሚተላለፍበት በኩል ሳይሆን ጀርባው ወደ ግድግዳ ሆኖ ማስቀመጥ ይረዳል። ከላይ ወፍራም ጨርቅ ሲጣልበት የፊቱ ብቻ ክፍት ይተው። በመጀመሪያው ሳምንት ልጆች ወደ ሣጥኑ እጃቸውን እንዳያስገቡ፣ ውሻው በውስጡ ሳለ ማንም እንዳይነካው፣ የቤቱ ሰው ሁሉ ይህን እንደ ሕግ ይያዘው። ክትባቱም በየዓመቱ መታደሱን፣ የምስክር ወረቀቱም መቀመጡን አትርሱ፤ ውሻው የነከሰ ዕለት ሐኪሙ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነውና።

የተናገርሁትን ሣጥን ንድፍ በአንድ ለአሥር ልኬት አዘጋጅቼ በማኅበራችን ጽሕፈት ቤት ስላስቀመጥሁ፣ ለበያጅ ለመስጠት የሚፈልግ አባል ሊወስደው ይችላል። ልኩን ግን እያንዳንዱ ከራሱ ውሻ ላይ ይለካ።